ዘጠኝ ሜትር ኩብ ድንጋይ

ሁለቱ እህትማማቾች ከተኳረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። የሚኖሩት ግን ጎን ለጎን ነው። አባታቸው ትቶላቸው የሞተውን አንድ ግቢ ለሁለት ተካፍለው፣ ታላቂቱ በላይኛው፣ ታናሺቱ በታችኛው በኩል ቤት ሠርተው፣ መሀሉን በቆርቆሮ አጥረውታል። አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ትሰማለች፤ "ይማርሽ" የሚል ግን የለም።

ታላቂቱን የሰፈሩ ሰው "እትዬ ሜትር" ይላታል። ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ተቋራጭ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስታስረክብና ስትረከብ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ከቦርሳዋ የብረት ሜትር አይለይም። ቤት የሚሠራ፣ አጥር የሚያጥር፣ ወለል የሚያስነጥፍ ሁሉ ግንበኛ ከመቅጠሩ በፊት እሷ ዘንድ ይመጣል። እሷም ሄዳ ትለካለች፣ ከመነጽሯ በላይ አሻግራ ታያለች፣ "ይህን ያህል ብሎኬት፣ ይህን ያህል ሲሚንቶ፣ ይህን ያህል አሸዋ" ብላ ጽፋ ትሰጠዋለች። የጻፈችው አይዛነፍም። አንድ ግንበኛ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ጎደለኝ ቢል፣ ቤቱ ድረስ ሄዳ ሦስቱንም ከአልጋው ሥር አውጥታበታለች ይባላል። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ትዳሩ አልዘለቀም፤ ልጅም የላትም።

ታናሺቱ ልብስ ሰፊ ናት። ምላሷ ከመርፌዋ ይሾላል ይሏታል ደንበኞቿ፤ ስፌቷ ስለማይተረተር ግን ተሰድበውም ይመለሳሉ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቁመቱ በር ላይ የሚያጎነብሰው፣ ጠብ ሲያይ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው።

የጠቡ መነሻ ውሃ ነበር። አንድ ቀን ታናሺቱ አጥሩ ሥር ቆማ፣ ከታላቂቱ ግቢ የሚሰርገው ውሃ ወደ ስፌት ክፍሏ እየገባ መሆኑን ጮኻ ተናገረች። ታላቂቱ ልብስ እያሰጣች ነበር። "ታዲያ ውሃ ቁልቁል ካልሄደ ሽቅብ ይውጣልሽ?" አለቻት። ቃል ቃልን ወለደ። በመጨረሻ ታናሺቱ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አለች፦ "ዕድሜሽን ሲሚንቶ ስትቆጥሪ ጨረስሽው! ከቤትሽ የልጅ ድምፅ አይወጣ፤ የሚወጣው ውሃ ብቻ!"

ታላቂቱ የያዘችውን እርጥብ አንሶላ መሬት ላይ ጣለችው። "እግሬ ያንቺን ግቢ ዳግመኛ ከረገጠ ይቆረጥ!" አለች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

በስድስተኛው ዓመት ብርቱ ነፋስ መጣና የቆርቆሮ አጥሩን ከነእንጨቱ ገነደሰው። ሾፌሩ ሚስቱና ዋርሳው ፊት ለፊት እንዳይተያዩ ብሎ በዚያው ቀን ቆርቆሮውን በአጠና ደገፈው። ድጋፉ ግን የሚያስተማምን አልነበረም። አንድ ነገር መደረግ ነበረበት።

ሁለቱም በየበራቸው ወጥተው መንገዱ ዳር ቆሙ። በመካከላቸው አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሾፌሩ መሀል ገባ።

"ንገራት፤" አለች ታናሺቱ፣ "ቆርቆሮ ዳግመኛ አላቆምም። ግንብ ነው የምፈልገው። ፊቷን የማላይበት ግንብ።"

ሾፌሩ ዞረ። "እትዬ፣ ግንብ ይሁን ትላለች።"

"ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም። እኔም ድምጿን የማልሰማበት ግንብ ነው የምፈልገው በላት። ከፍታው ሁለት ሜትር።"

"ሁለት ሜትር ይሁን ትላለች።"

"ሁለት ሜትርማ ፍየልም ይዘለዋል በላት።"

"ከዚያ ካለፈ ነፋስ ይጥለዋል። የሚያውቅ ሲናገር የማያውቅ ይስማ በላት።"

ሾፌሩ ግንባሩን ጠረገ። "እኔ እኮ የምለው፣ ሁለታችሁም ትሰማማላችሁ፤ ታዲያ እኔ መሀል ምን..."

"አንተ ዝም በል!" አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ። በስድስት ዓመት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነበር።

ብዙ ተባብለው አንድ ነገር ላይ ደረሱ። ዕቃውን እኩል ይገዛሉ። ግንበኛውን ታናሺቱ ታመጣለች። የዕቃውን ግምት ግን ታላቂቱ ታወጣለች፤ ሌላ ሰው ያወጣውን እንደማትቀበል ከመጀመሪያው ተናግራለች።

"ቢጎድልስ? ጠይቃት።"

"የጎደለውን ብቻዬን አስመጣለሁ በላት። ስህተቴንም እዚሁ መንገድ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። ግን አይጎድልም በላት።"

"ይህቺን አስምርባት" አለች ታናሺቱ፤ ገብታም በሯን ዘጋች።

ግንበኛው በማግስቱ መጣ። አጭር፣ ጥፍሩ ሁሉ በሲሚንቶ የነጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ታላቂቱ ገና ስታየው አልወደደችውም። በእህቷ በኩል የመጣ ሰው ሁሉ፣ እሷ እንደምታስበው፣ ሊጎዳት የተላከ ነው።

"ያዝ" ብላ የሜትሩን ጫፍ ሰጠችው። ከመንገዱ ዳር እስከ ጓሮው ድረስ በራሷ ግቢ በኩል ለካች። ሠላሳ ሜትር። አልፎ አልፎ ችካል አስመታች፣ ሲባጎ አስወጠረች፣ ከዚያ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ስታሰላ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ሠላሳ በሁለት፣ ስልሳ ካሬ። ለካሬው ዐሥራ ሁለት ተኩል ብሎኬት፤ ሰባት መቶ ሃምሳ። በየሦስት ሜትሩ ኮለን ይቆማል፤ ዐሥራ አንድ ኮለን። ኮለኑ የሚይዘው ቦታ ብሎኬት አይገባበትም፤ ሃምሳ አምስት ቀነስኩ። ሲራገፍ የሚሰበር፣ ሲቆረጥ የሚበላሽ ሠላሳ አምስት ጨመርኩ። ሰባት መቶ ሠላሳ። ትክክል ነው አይደለም?"

"ትክክል ነው" አለ ግንበኛው። እኔ ብቆጥረው ከዚያ አልወጣም ብሎም ጨመረ።

"መሠረቱ ወርዱ ሃምሳ፣ ጥልቀቱ ስልሳ ሳንቲ። ሠላሳ ሜትር ነው። ዘጠኝ ሜትር ኩብ ድንጋይ።"

ግንበኛው ባርኔጣውን አወለቀና ጭንቅላቱን አከከ። "እትዬ፣ እዚህ ላይ እንኳ በወዲያኛው በኩል ዞረው ቢያዩት ጥሩ ነበር። እዚያ መሬቱ..."

"ሠላሳ ሜትር ከዚህ ሲታይም ሠላሳ ነው፣ ከዚያ ሲታይም ሠላሳ ነው።"

"ርዝመቱን አይደለም እኔ ያልኩት፤ መሬቱ ወደ ጓሮ ሲኬድ..."

ደብተሯን ጠርቀም አድርጋ ዘጋችው። "ስማ። ያንን ግቢ አልረግጥም። እሷ ናት ይህን በል ብላ የላከችህ? ትርፍ ድንጋይ አስገብታችሁ የት ልታደርጉት ተስማማችሁ? እንዳንተ ያለውን ስንቱን አይቼዋለሁ። ከመጋዘን በር ላይ ቆሜ ኪሱን ያስገለበጥኩት ግንበኛ ሰፈር ይሞላል።"

የግንበኛው ፊት ጠቆረ። ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። "ሌባ የተባልኩት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ዘጠኝ ካሉ ዘጠኝ ነው።"

ዘጠኝ ሜትር ኩብ ድንጋይ መጣ፤ መንገዱ ዳር ተቆለለ። ብሎኬቱም ተራግፎ ተደረደረ። ሁለት ቀን ሙሉ ቁፋሮ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ቆፋሪዎቹ ጓሮው ጫፍ ሲደርሱ፣ ግንበኛው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጠራት።

"እትዬ፣ ይምጡና ይዩ።"

መጥታ ከላይ ቆመች። ግንበኛው ጉድጓዱ ውስጥ ተንበርክኮ አንድ ረጅም ፌሮ ያዘ፤ ከጉድጓዱ ወለል እኩል አድርጎ ወደ ታናሺቱ ግቢ በኩል አፈሩን ወጋው። ፌሮው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ሰተት ብሎ ሄደ። ወዲያው ከማዶ ጩኸት ተሰማ።

"ምንድነው ይኼ? ብረት ወጋኝ እኮ! በአየር ላይ ብረት መጣብኝ!"

ግንበኛው ቀና ብሎ አያት። "ስልሳ ሳንቲ ቆፍረናል። ከዚያ በኩል ያለው መሬት ግን ከዚህ ጉድጓድ ወለል በታች ነው። መሠረቱ አየር ላይ ነው፣ እትዬ። በዚህ ላይ ግንብ ካቆምኩ ከነአፈሩ እህትዎ ላይ ይሄዳል።"

ታላቂቱ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ አየች። ከአፈሩ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ከማዶ የእህቷ ሳቅ ይሰማል፤ ደስታ የሌለበት፣ ሆን ተብሎ ከፍ የተደረገ ሳቅ።

"ንገራት! የት ነህ አንተ? ና ንገራት! መሠረቷ ሰማይ ላይ ነው በላት! ሃያ ሰባት ዓመት ቆጠርኩ ስትል መሬት መኖሩን አልቆጠረችም በላት!"

ሾፌሩ የትም አልነበረም፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘግቶ ነበር።

ታላቂቱ ተነሳች። ቀሚሷ ላይ ያለውን አፈር አራገፈች። ሜትሯንና ደብተሯን ይዛ በራሷ በር ወጣች፤ አምስቱን እርምጃ ተራመደችና የእህቷን በር ገፋ አድርጋ ገባች።

ታናሺቱ የስፌት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በረንዳው ላይ ቆማለች። ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ዓይኗን እግሯ ላይ አሳረፈች።

"እግርሽ ደህና ነው?" አለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት የተናገረቻት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

"እስካሁን አልተቆረጠም" አለች ታላቂቱ። "ልለካ ነው የመጣሁት። ለሌላ አይደለም።"

"ወንበር ላምጣልሽ ያለሽ አለ?"

ግንበኛው የከፍታ መለኪያውን የውሃ ልክ ቱቦ ይዞ ተከትሏት ገባ። አብረው ከመንገዱ ዳር ጀምረው ወደ ጓሮ ለኩ። በር አጠገብ የሁለቱ ግቢ መሬት እኩል ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ጓሮው ጫፍ ሲደርሱ ልዩነቱ ሰማንያ ሳንቲ ሆነ። ታላቂቱ እዚያ ቆማ ወደ ላይ አየች። የራሷ ግቢ ወገቧ ድረስ ከፍ ብሎ፣ በበሰበሰ ሳንቃና በዛገ ቆርቆሮ ተይዞ፣ በእህቷ ግቢ ላይ አጎንብሷል።

"ምን ታያለሽ?" አለች ታናሺቱ ከኋላዋ። "አታውቂውም እንዴ? ቤት ስትሠሪ ግቢዬ ሜዳ ይሁንልኝ ብለሽ አፈር ያስደፋሽው አንቺ ነሽ። ዐሥራ አራት መኪና። በር ላይ ቆመሽ አንድ፣ ሁለት እያልሽ ያስገባሽው አንቺ!"

 ዐሥራ አራት መኪና መሆኑ ትክክል ነው። ታላቂቱ የዚያን ቀን የጻፈችበት ደብተር እንኳ ምን ዓይነት እንደነበር ታስታውሳለች። አፈሩ ከየት እንደመጣ፣ በስንት መኪና እንደመጣ መዝግባለች፤ ከወዲያ ማዶ ምን ላይ እንደተጫነ ግን አንድም ቀን ዞራ አላየችም።

"ጨረስሽ? እንግዲያው ይኼንንም ለኪ!" ታናሺቱ የስፌት ክፍሏን በር በእግሯ ከፈተችው።

ክፍሉ ከአጥሩ አንድ ሜትር ቢርቅ ነው። ታላቂቱ ስትገባ መጀመሪያ የመታት ሽታው ነበር፤ ለወር የታጠፈ እርጥብ ጨርቅ ሽታ። የስፌት መኪናው እግሮች በአራት ጡብ ላይ ቆመዋል። መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር የለም፤ የጨርቅ ጥቅሎቹ በሙሉ ከጣሪያው በገመድ ተንጠልጥለዋል። በአጥሩ በኩል ያለው ግድግዳ ልስኑ ከታች ጀምሮ እንደ ቁስል ቅርፊት ተገንጥሏል። ታላቂቱ መዳፏን አሳረፈችበት፤ ልስኑ በእጇ ቀረ። ከልማድ የተነሳ ሜትሯን አውጥታ ዘረጋች። እርጥበቱ ስልሳ አምስት ሳንቲ ወጥቷል።

"ምናልባት የራስሽ ቱቦ..." ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችም። በትንሿ መስኮት በኩል፣ ከቆርቆሮው በላይ፣ የራሷ ቤት አሸንዳ ይታያል። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ አፉን አጥሩ ሥር ደፍቷል። የጣሪያዋ ውሃ ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው።

"ከስድስት ዓመት በፊት ነግሬሻለሁ" አለች ታናሺቱ። "አፌዝሽብኝ። የሰው ዩኒፎርም ሻግቶብኝ እንደ አዲስ ገዝቼ ሰፍቻለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ደረቴ ይታፈናል።"

"ጠርተሽ ብታሳዪኝ ኖሮ..."

"ጠራሁሽ!"

"ሰደብሽኝ እንጂ አልጠራሽኝም።"

"አዎ ሰደብኩሽ! ዛሬም እሰድብሻለሁ። ዓይንሽ ቁጥር እንጂ ሰው አያይም።"

ታላቂቱ ዞረች። ድምጿ ዝቅ ብሏል። "ልጅ የላትም ብለሽ በአጥር ላይ ጮኸሽብኛል። ሁለት ጊዜ አርግዤ እንደጨነገፈብኝ ከሰው ሁሉ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሐኪም ቤት ያደርሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ራስሽ!"

 ታናሺቱ አንገቷ ላይ ያለውን የስፌት ሜትር በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እሷን አያውቃትም።

"ብያለሁ" አለች በመጨረሻ። "አልክድም።"

"ውሃውም የኔ ነው" አለች ታላቂቱ። "እኔም አልክድም።"

ሜትሯን ሰበሰበች፤ ወጣች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሯን ዘግታ ግምቱን ከሥሩ ሠራችው። መሠረቱ በመንገዱ ዳር ስልሳ፣ በጓሮው ጫፍ አንድ ሜትር ከአርባ ይሆናል፤ መካከለኛው አንድ ሜትር። ዘጠኝ የነበረው ድንጋይ ዐሥራ አምስት። ከዚያ ሌላ ገጽ ገለጠችና ማንም ያልጠየቃትን ጻፈች፦ በራሷ ግቢ በኩል፣ የግንቡን ርዝመት ሙሉ የሚሄድ የሲሚንቶ ቦይ፤ ከግንቡ ጀርባ ጠጠር፤ የአሸንዳውን ውሃ ተቀብሎ በቦዩ በኩል ወደ መንገዱ ማፋሰሻ የሚወስድ ቱቦ። ከዚህኛው ገጽ ሥር "በእኔ ብቻ" ብላ አሰመረችበት።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ላይ ወጣች። ቆፋሪዎቹ፣ ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ ከሱቅ የሚመለሱ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። ታናሺቱ በሯ ላይ ክንዷን አጣምራ ቆማለች።

"ዘጠኝ ሜትር ኩብ ያልኩት ድንጋይ ዐሥራ አምስት ነው" አለች ታላቂቱ ወረቀቷን እያየች። "ስህተቱ የኔ ነው። ይህ ሰው ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ሌባ አድርጌው ነበር።"

ግንበኛው ጫማውን ማየት ጀመረ። "ኧረ ይተዉት፣ እትዬ..."

"አልሰማሁም!" አለች ታናሺቱ። "የታችኛው ሰፈርም አልሰማም። ጮክ በይ!"

ታላቂቱ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ፊቷን አየቻት። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንድም ቃል ሳታስቀር ደገመችው። ከጎረቤቶቹ አንደኛዋ ወሬውን ይዛ ለመሄድ ስትቸኩል ዘንቢሏን ልትረሳ ነበር።

ይህ ሆነ ብሎ ሰላም አልወረደም። ድንጋዩ መጥቶ መሠረቱ ሲወጣ ሌላ ጦርነት ተነሳ። ግንበኛው በግንቡ ሥር ውሃ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ሊተው ሲል ታናሺቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች።

"ቀዳዳ? ለውሃዋ በር ልትሠሩላት ነው? በሬሳዬ ላይ!"

"ቀዳዳ ከሌለው ውሃው ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል" አለች ታላቂቱ ከላይ።

"አንቺ ስለ መሬት አታውሪ! መሬት ረስተሽ መጥተሽ!"

"ረሳሁ፤ ተናገርኩ። ደግሞ ምን ላድርግ፣ ልሰቀል?"

"ማን ከለከለሽ!"

ግንበኛው ማንካውን ጥሎ ተቀመጠ፤ ሁለታችሁ ስትጨርሱ ጥሩኝ አለ። በመጨረሻ ቀዳዳዎቹ ከስፌት ክፍሉ አልፈው በጓሮው ጫፍ ብቻ እንዲሆኑ፣ የሚወጣውም ውሃ በትንሽ ቦይ ከጀርባ ወዳለው ማፋሰሻ እንዲሄድ ተወሰነ። የትንሿን ቦይ ሲሚንቶ ማን ያምጣ በሚለው ግማሽ ቀን ተሟገቱ። ታላቂቱ አመጣች።

ግንቡ በዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቆመ። ብሎኬቱ አንድም አልጎደለም፤ ይህን ግን ያነሳ ሰው የለም። ሰፈሩ የያዘው ድንጋዩን ነበር። ቀድሞ ለግምት የሚጠሯት ሰዎች አሁን "እትዬ፣ ከወዲያ ማዶም ዞረሽ አይተሽዋል?" ይሏታል፤ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ከልቡ። እሷም አትቀየምም። ዞራ ታያለች።

ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከምሳ በኋላ ጣለ። ታላቂቱ ጃንጥላ ይዛ በቦዩ ዳር ዳር ተከትላ ሄደች። የጣሪያዋ ውሃ በቱቦው ወርዶ፣ ቅጠልና ገለባ እየገፋ፣ ቦዩን ሞልቶ ወደ መንገዱ ይፈሳል። የት እንደሚደርስ ለማየት በሩን ከፍታ ወጣች።

ታናሺቱ ከማፋሰሻው አፍ ላይ ቆማለች። ጃንጥላ የላትም፤ የመጋረጃ ቁራጭ ራሷ ላይ ጣል አድርጋለች። ውሃው ሲወጣ ትመለከታለች። ክፍሏ ደርቆ አላበቃም፤ ግንበኛው አንድ ዓመት ይፈልጋል ብሏታል።

ጎን ለጎን ቆመው ጥቂት አዩ። ታላቂቱ ጃንጥላዋን ወደዚያ አላዘነበለችም፤ ታናሺቱም አልተጠጋችም።

"ገና አንድ ዝናብ ነው" አለች ታናሺቱ ውሃውን እያየች። "ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳዬን አይቼ ነው የማምንሽ።"

"እዪው" አለች ታላቂቱ። "አንድ ሳንቲ ከጨመረ ጥሪኝ፤ መጥቼ እለካዋለሁ።"

"እጠራሻለሁ፤ ምን ይጎልብኛል። ስድብ እንደሆነ አለኝ።"

ታላቂቱ ጎንበስ ብላ የማፋሰሻውን አፍ የዘጋ ቅጠል በእጇ ዛቀች፤ መንገዱ ላይ ጣለችው፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች።